አርዳ ክፍል እምቢ ያለበት ጸደይ

ማክሰኞ፣ ማርች 5

ኮቴን ሳላወልቅ ስታመን ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሞ ጠበቀኝ። ስታመን የኢንሹራንስ ድርጅታችን የሽያጭ ክፍል ኃላፊ ነው፤ ሲናደድ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ መፍራት ያኔ ነው።

"ስላቭካ፣ አርዳ ሰኞ ሰኞ ባዶ ነው አይደል?"

"ባዶ ነው።"

"ታዲያ ለምንድን ነው እምቢ የሚለኝ?"

የስብሰባ ክፍሎቻችን የወንዝ ስም ነው ያላቸው፤ ማሪጻ ትልቁ፣ አርዳና ቱንጃ ጎን ለጎን ያሉት ትንንሾቹ፣ ስትሩማ ደግሞ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ። ሰው በጋራ ካሌንደሩ ላይ ክፍልና ሰዓት ይጠይቃል፣ ይፈቀድለታል ወይ ይከለከላል። ታችኛውን ፎቅ ለሌላ ድርጅት ካስረከብን ወዲህ መቶ አርባ ሰው በአራት ክፍል ይናጫል። ከኦክቶበር ጀምሮ የዚህ ሁሉ ጠባቂ እኔ ነኝ።

ምክንያቱን በአንድ ሰዓት ውስጥ አገኘሁት። ስታመን እስከ በጋ ድረስ ያሉትን ሰኞዎች በአንድ ጊዜ ነው የጠየቀው። ከእነሱ አንዱ ወለሉ በሰም የሚወለወልበት ቀን ነው፤ አንዱ ከተጋጨ ካሌንደሩ ሁሉንም ይጥላል። ያን ቀን አውጥቼ እንደገና ጠየቅኩለት፣ ገባ። ከኩራቴ ብዛት ለጸደይ መግቢያ እጄ ላይ ያሰርኩት ቀይና ነጭ የማርተኒጻ ክር ኪቦርዱ ውስጥ ተጠላልፎ "ላክ" የሚለውን ሁለቴ ተጫንኩ።

እትዬ ፔንካ ጋ መሄድ አለብኝ። ይህን ሥራ ለሃያ ሁለት ዓመት የሠሩት እሳቸው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ፣ አፌ ኬክ እንደሞላ፣ "በየሳምንቱ እየመጣሁ እጠይቅዎታለሁ" ብዬ ምያለሁ። በአውቶቡስ ሃያ ደቂቃ ነው። አምስት ወር ሆነ።

ዓርብ፣ ማርች 8

የሴቶች ቀን። ስታመን በየጠረጴዛው እየዞረ ለሴቱ ሁሉ የቱሊፕ አበባ አደለ። የካሳ ክፍል ኃላፊዋ ቬሴላ ጋ ሲደርስ "አለቀብኝ" ብሎ አለፈ። እጁ ላይ ሦስት ቀርተውት ነበር።

ዛሬ ደግሞ የተከለከለችው ቬሴላ ናት። ቱንጃን ጠየቀች፣ እምቢ ተባለች፣ ሄዳ አየች፣ ባዶ። ወለልም የለም፣ በዓልም የለም። ነገሩ ገና ነው።

ማታ እትዬ ፔንካ ደወሉ፣ እንኳን አደረሰሽ ሊሉኝ። እኔ ነበርኩ መደወል የነበረብኝ። ስለ ጉልበታቸው ጠየቅኳቸው፣ እሳቸው ስለ ቢሮው ጠየቁኝ።

"ረቡዕ ከዋናው መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪዎች ይመጡብሻል አይደል?"

"ይመጣሉ።"

"ወፍራም ሹራብ ቢለብሱ ደግ ነው" አሉና ሳቁ።

እኔም ሳቅኩ። መቼ እንደነገርኳቸው አላስታውስም። ነግሬያቸው ይሆናል፤ ምላሴ አያርፍም።

ረቡዕ፣ ማርች 13

በጥድፊያ። ለተቆጣጣሪዎቹ ማሪጻን ይዤላቸው ነበር። ጠዋት ስገባ ወደ ቱንጃ ተዛውረዋል። እኔ አላዛወርኩም። የቱንጃ ማሞቂያ ከገና በፊት ጀምሮ አይሠራም። ሰዎቹ ኮታቸውን እንደለበሱ ተቀመጡ። ሁለት ቀን ሊቆዩ የመጡት ስድስት ሰዓት ላይ ተሰናብተው ሄዱ።

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ቶንቼቭ ምንም አላለኝም። ይሄ ከቁጣ ይብሳል።

ማክሰኞ፣ ማርች 19

ስታመን ሦስቴ፣ ቬሴላ አራቴ ተከለከሉ። ሌላው መቶ ሠላሳ ስምንት ሰው ያለ ችግር ክፍሉን ይይዛል።

ሎዛንን ጠራሁት። ሎዛን የካሳ ክፍል ሠራተኛ ነው፣ የቬሴላ ሰው፤ ግን ኮምፒውተር ስለሚያውቅ እኔ በሌለሁበት ካሌንደሩን እሱ ይጠብቃል። ሜይ ላይ የባሕር ዳርቻዋ ከተማ ቫርና ሄዶ አዲሱን ቅርንጫፍ ሊያደራጅ ተመርጧል፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው ሁሉ ባሕር ነው። ለስታመን የደረሰውን የክልከላ መልእክት ጮክ ብሎ አነበበው።

"'ውድ ባልደረባ፣ በዚያ ሰዓት አርዳ አይመችም። ስትሩማን ቢወስዱ ይሻላል፣ ፀሐይም አለው። ከአክብሮት ጋር፣ ጽሕፈት ቤት።' ስላቭካ፣ ይሄ ማሽን ከእናቴ ይበልጥ ጨዋ ነው። ደግሞ ስለ ፀሐይ ምን አገባው?"

"ሶፍያ ያሉት የኮምፒውተር ልጆች አዲስ ነገር ገጥመውለት ይሆናላ።"

ሎዛን ትንሽ አየኝ። አንድ ነገር ወደ አእምሮዬ መጣ፤ ስልክ ሲጠራ ተውኩት።

የደወለው የሶፍያው የኮምፒውተር ባለሙያ ነበር። "አጥፍተው ያብሩት" አለኝ። "ክፍል እኮ ነው፣ ምኑን ነው የማጠፋው?" አልኩት። "ካሌንደሩን ነው፣ እሜቴ" አለ፣ እንደሚያባብል ሰው። አጠፋሁት፣ አበራሁት። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ስታመን ተከለከለ።

ባሌ ፕላመን እራት ላይ "ፔንካን ለምን አትጠይቂያቸውም?" አለ።

"ላስቸግራቸው አልፈልግም።"

"ሴትዮዋ እኮ የሚያስቸግራቸው አጥተው ነው" አለና ወደ ሾርባው ተመለሰ።

ሰኞ፣ ማርች 25

ቶንቼቭ ጠራኝ። "እስከ ሐሙስ ምክንያቱን በጽሑፍ እፈልጋለሁ። ካልሆነ የክፍሎቹን ሥራ ለሶፍያ እሰጠዋለሁ። ያኔ ስላንቺም ወንበር እንነጋገራለን።"

ሠንጠረዥ ሠራሁ። ማን፣ የት፣ በስንት ሰዓት፣ ጎረቤቱ ክፍል ውስጥ ማን ነበረ። ተገለጠልኝ። ቬሴላ ቱንጃ ባለችበት ሰዓት ስታመን አርዳን አያገኝም። ስታመን አርዳ ባለበት ሰዓት ቬሴላ ቱንጃን አታገኝም። አንድም ጊዜ አልተሳሳተም። ይሄ ብልሽት አይደለም፣ የሰው እጅ አለበት።

ሐሙስ፣ ማርች 28

ጽፌ ሰጠሁ። ክፍል የመፍቀድና የመከልከል መብት ያላቸው ዝርዝር ላይ ሦስት ስም ነው ያለው፤ እኔ፣ ሎዛን፣ "ጽሕፈት ቤት"። ሦስተኛው ካሌንደሩ ራሱ ነው ብዬ አለፍኩት። እኔ አይደለሁም። የቀረውን እንግዲህ ማንም ይቁጠረው።

ሎዛን አደረገው አላልኩም። መብት ያላቸውን ብቻ ነው የጻፍኩት።

ቶንቼቭ ወረቀቱን አንብቦ "የቬሴላ ሰው ነው አይደል?" አለኝ።

"በእሷ ሥር ነው የሚሠራው" አልኩ።

ውሸት አይደለም። በእሷ ሥር ነው የሚሠራው።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 2

የሎዛን መብት ተነሣ። ቫርናም "ለጊዜው" ተብሎ ተነሣ። በኮሪደሩ ሰው ሲያልፍ ወሬ ይቆማል።

እሑድ ሰዓት ወደ ፊት ስለተገፋ ዛሬ ግማሹ ሰው ለስብሰባው አንድ ሰዓት ቀድሞ፣ ግማሹ አርፍዶ መጣ። ስታመን ሲከለከል "ሰዓቱ ተቀይሮ ነው" አልኩት። ቬሴላ ስትከለከል "ሰዓቱ ነው" አልኳት። ደስ የሚል ሰበብ ነው፣ ለሁሉም ይሆናል።

ከታች ካለው ዳቦ ቤት ሁለት ትኩስ ባኒጻ፣ አይብ ያለበት ጥቅል ቂጣ፣ ገዛሁ፤ አንዱ ለሎዛን።

"በልቻለሁ" አለ።

አልበላም ነበር። ብቻዬን ሁለቱንም በልቼ ሆዴን ነፋኝ።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 10

ሰዓቱ ከተቀየረ አሥር ቀን ሆነው። ክልከላው ቀጥሏል። ሎዛን ምንም መብት የለውም፣ ክልከላው ግን ቀጥሏል።

ይህን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አንብቤ ደብተሩን ዘጋሁት፣ መልሼ ከፈትኩት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይሏል እንዲህ ነው።

ለማን እንደምናገር ጨንቆኝ እትዬ ፔንካ ጋ ደወልኩ። ስለ ሎዛን ግን አልነገርኳቸውም። ስለ አየሩ አወራን፣ ከዚያ ስለ ቬሴላ ሳል፤ ሁለት ሳምንት ሆናት፣ ሐኪም አልሄድም ትላለች። "የሊፓ አበባ ቀቅላ በማር ትጠጣ" አሉ። "ያውም የግራር ማር፣ ሌላው ጉሮሮ ይቧጥጣል።"

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 11

ቬሴላ ከሰዓት በኋላ ስልኳን ዘርግታልኝ መጣች። እየሳቀች፣ እየሳለች።

"እስኪ አንብቢው።"

"ውድ ቬሴላ፣ ቱንጃ ነገ አይመችም፣ ብርዱም ለሳልሽ ጥሩ አይደለም። ስትሩማን ይዤልሻለሁ። ሊፓ በማር ጠጪ፣ የግራር ማር ይሁን። ከአክብሮት ጋር፣ ጽሕፈት ቤት።"

"ይሄ ማሽን የግራር ማርን ማን ነገረው?" አለች።

"እኔ እንጃ" አልኩ። ፊቴ ጋለ።

ሰው ሁሉ እስኪወጣ ጠብቄ የ"ጽሕፈት ቤት"ን አካውንት ከፈትኩት። የተከፈተው ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ነው፣ በእትዬ ፔንካ ስም። ቀጥዬ ጡረታ ሲወጡ የተሞላውን ቅጽ ከመዝገቡ አወጣሁ። "የካሌንደር መብት ተነሥቷል?" ይላል ሰባተኛው መስመር። "ተነሥቷል" የሚለው ላይ ምልክት አለ፣ ከሥሩ ፊርማ አለ። ፊርማው የኔ ነው። ያን ቀን ኬኩ እየተቆረሰ ነበር፤ በኋላ አነሣዋለሁ ብዬ ነበር። አላነሣሁም።

አሁን እዚህ እውነቱን ልጻፍ፤ ሌላ ቦታ የምጽፈው የለኝም። ዛሬ አይደለም ያወቅኩት። ሎዛን ስለ ፀሐይ ሲጠይቀኝ ነው ያወቅኩት። በዓለም ላይ ክፍል ሲከለክል ፀሐይ ያለበትን የሚጠቁም ሰው አንድ ብቻ ነው። ካወቅኩ ግን መሄድ ነበረብኝ፣ ከሄድኩ ለምን አምስት ወር እንደቀረሁ መናገር ነበረብኝ። የሰው ስም መስጠት ቀለለኝ።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 13

ሄድኩ።

እትዬ ፔንካ በሩን ሲከፍቱ ለቢሮ እንደሚለብሱት ለብሰው ነበር፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ደረታቸው ላይ የጌጥ መርፌ ቁልፍ። ቅዳሜ እኮ ነው። ወጥ ቤት አስገቡኝ። ጠረጴዛው ላይ፣ በላስቲኩ የጠረጴዛ ልብስ መሀል፣ ታብሌታቸው የጨው ዕቃ ተደግፎ ቆሟል። በላዩ ላይ የኛ ካሌንደር፣ አራቱ ወንዞች።

"ተቀመጪ ልጄ። ሰኞ ማሪጻን ለሁለት ሰው ሰጥተሽዋል፣ አስተካክዬልሻለሁ።"

አልተቀመጥኩም። "እትዬ ፔንካ፣ እርስዎ እኮ ጡረታ ወጥተዋል።"

"አውቃለሁ። ኬክ በልተን የለ?"

"ታዲያ ይሄን..."

መነጽራቸውን አወለቁ። "መብቴን አልወሰዳችሁትም። ጠበቅኩ፣ ሳምንት፣ ወር፣ አልወሰዳችሁትም። ያው እንድጠብቅላችሁ ፈልጋችሁ ነው አልኩ። አንቺም ስትደውዪ 'ቢሮው እንዴት ነው' ስልሽ ሁሉን ትነግሪኛለሽ። ተስማምተን የምንሠራ መስሎኝ ነበር።"

እኔ ደውዬላቸው አላውቅም ነበር ማለት ይቻላል፣ ከባለፈው ረቡዕ በቀር። የሚደውሉት እሳቸው ናቸው። አላረምኳቸውም።

"ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ታጥቤ፣ ለብሼ እቀመጣለሁ" አሉ። "ለጡረተኛ ሰው ጠዋት ረጅም ነው።"

ያኔ ተቀመጥኩ። ሻይ አፈሉ። ስለ ስታመንና ስለ ቬሴላ ጠየቅኳቸው።

"አታውቂም እንዴ? ስድስት ዓመት ባልና ሚስት ነበሩ። አንቺ ከመምጣትሽ በፊት ነው የተፋቱት፣ ዘጠኝ ዓመት ሆናቸው። በአርዳና በቱንጃ መሀል ያለው ግድግዳ ካርቶን ነው፤ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ይማርህ ይላል። ሰው ሲያዳምጥህ እንዴት ትሠራለህ? በተለይ የሚያዳምጥህ የፈታኸው ሰው ሲሆን።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"እኔ ወሬ አላድልም ልጄ፣ ክፍል ነው የማድለው።"

ከዚያ የሎዛንን ነገርኳቸው። ሠንጠረዡን፣ ዝርዝሩን፣ "በእሷ ሥር ነው የሚሠራው" ያልኩትን፣ ቫርናን። እትዬ ፔንካ የሻይ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።  

"ያ ረጅሙ ልጅ? ኮምፒውተሬ ሲበላሽ በምሳ ሰዓቱ የሚሠራልኝ?"

"እሱ።"

"እንግዲህ ሰኞ ሁለታችን እንሄዳለን። አጥፊዋ እኔ ነኝ።"

"እርስዎ አይመጡም። ቅጹ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ።"

ተከራከርን። ለመጀመሪያ ጊዜ አሸነፍኳቸው። ሳልሄድ በፊት ታብሌቱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። "አንቺ አውጪኝ። የት እንደሚነካ አላውቅም" አሉ። በደንብ ያውቃሉ። ነካሁት። አራቱ ወንዞች ከመስታወቱ ጠፍተው የአበባ ሥዕል ብቻ ቀረ። እሳቸው በመስኮቱ ወደ ውጭ ይመለከቱ ነበር።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 15

ሎዛንን ደረጃው ላይ፣ ሲጋራ የሚያጨስበት ጋ አገኘሁት። አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ጸጸቴን ላሳምረው ሞክሬ ነበር፣ ፊቱን ሳይ ተውኩት።

"ስንት ቀን ሆነ?" አለ።

"አሥራ ሰባት።"

"አሥራ ስምንት። ቆጥሬያለሁ።" ሲጋራውን አጠፋ። "ማርች ላይ ስነግርሽ እኮ ገብቶሽ ነበር። አይቼሻለሁ።"

"ገብቶኝ ነበር።"

ይህን ከሰማ በኋላ በሩን ከፍቶ እስክገባ ያዘልኝ። ይቅርታ ይሁን አይሁን አላውቅም።

ቶንቼቭ ጋ ቅጹን አስቀመጥኩ። "መብቱን ያላነሣሁት እኔ ነኝ፣ አነሣሁ ብዬ የፈረምኩትም እኔ ነኝ። ሎዛን ንጹሕ ነው። የጻፍኩትን ወረቀት ይቅደዱልኝ፣ ቫርናንም ይመልሱለት።"

"በአካውንቱ ማን ነበር የሚሠራው?"

"የፈረምኩት እኔ ነኝ።"

ቶንቼቭ ቅጹ ላይ ያለውን የእትዬ ፔንካን ስም በጣቱ ነካ ነካ አደረገው። ዓይኑ ወደ ቱንጃ ክፍል ሄደ።

"ተቆጣጣሪዎቹን ያለ ማሞቂያ ያስቀመጧቸው እሳቸው ናቸው?"

ቅጹን ወደ እሱ ገፋ አደረግኩት።

"ሁለተኛውን ቀን ቢያድሩ ያላለቀውን የዲሴምበር መዝገብ ይጠይቁን ነበር" አለና መስኮቱን ከፈተ። ከዚያ ፊቱን መልሶ አጠቆረው። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ፤ አንድ ቢደገም ወንበሬ የለም። ሎዛን ሜይ ሰባት ቫርና ይገባል። ስሙን የሚያነጻ ደብዳቤ ለሁሉም ሠራተኛ እንዲላክ ጠየቅኩ፣ "አንቺው ጻፊው" አለኝ። ጻፍኩት። በሕይወቴ የጻፍኩት አጭሩና ከባዱ ደብዳቤ ነው።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 17

ከማስጠንቀቂያው ድንጋጤ ገና ስላልወጣሁ ሳልጠብቅ ቀረሁና ካሌንደሩ በራሱ ሕግ ስታመንን አርዳ፣ ቬሴላን ቱንጃ አስገባቸው። በአንድ ሰዓት። ስደርስ የሁለቱም ክፍል ሰው ጭጭ ብሏል። በግድግዳው የቬሴላ ሳል ይሰማል፣ ከወዲህ የስታመን ዝቅ ያለ ድምፅ። ከዚያ ቬሴላ ግድግዳውን አንኳኳች።

"ስታመን፣ ልጆቹን እያስፈራራሃቸው ነው። ጮክ ብለህ ተናገር።"

 ከዚያ ስታመን ጉሮሮውን ጠርጎ፣ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ በሚሰማ ድምፅ፣ "የማርች ሽያጭ" ብሎ ጀመረ። ሁለቱም ክፍል በሳቅ ፈረሰ።

ለእትዬ ፔንካ ደውዬ ነገርኳቸው። "ዘጠኝ ዓመት የደከምኩት ለዚህ ነው?" አሉ። ተከፍተው ይሁን ደስ ብሏቸው አልለየሁትም።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 30

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ እደውልላቸዋለሁ። ክፍሎቹን አነብላቸዋለሁ፣ እሳቸው ያዳምጣሉ፣ አንዳንዴ "እ-ህ" ይላሉ፤ ያኔ መልሼ አያለሁ። ማዘዝ አያዙም። ሎዛን ሻንጣውን ሊገዛ ሲሄድ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሞ "ሰላም በያቸው፣ ግን ቫርና ድረስ እንዳይከለክሉኝ" አለ። በእኔ ላይ አልቀለደም። ቢሆንም አጠገቤ ቆሞ ቀለደ።

ዛሬ ስደውል አልተነሣም። እንደገና ደወልኩ። በአራት ሰዓት ደወልኩ። ማሪጻን ሁለት ሰዎች በአንድ ሰዓት ጠይቀውኝ ነበር፤ ተነሥቼ ሁለቱንም ጠይቄ፣ አስታርቄ፣ አንዱን ስትሩማ አስገባሁት። ልቤ ግን ስልኩ ላይ ነበር። ጉልበታቸው፣ ደረጃው፣ ብቻቸውን መሆናቸው። በስምንት ሰዓት ኮቴን ለበስኩ።

የቢሮው በር ላይ ስደርስ ስልኬ ጮኸ፤ እትዬ ፔንካ ናቸው። ከኋላቸው ሙዚቃና የብዙ ሴት ሳቅ ይሰማል።

"ሰፈር ካለው የንባብና የባህል ቤት ነኝ" አሉ ቁና ቁና እየተነፈሱ። "የመዘምራኑ ልምምድ ነው። አዳራሹን ከዳንሰኞቹ ጋር በአንድ ሰዓት ሰጥተዋቸው ትርምስ ሆኖ አገኘሁት፤ አንድ ደብተር የላቸውም፣ ታምኚያለሽ? ምን ሆነሽ ነው ሦስቴ የደወልሽው?"

"ደኅና መሆንዎን ብዬ ነው።"

"ደኅና ነኝ። ነገ ከፈለግሽኝ ከሦስት ሰዓት በፊት ደውዪ ልጄ፤ ከዚያ በኋላ ተይዣለሁ።"